ሐኪም ወርቅነህ ከመቅደላ ወዲህ

በ1920 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኒው ዮርክ የደረሱት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ስልሳውን ያለፉ ሐኪም ነበሩ። የመጡበት ጉዳይ ግን በሽታም መድኃኒትም አልነበረም፤ የጣና ሐይቅ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ግድብ ለማሠራት አስበው፣ ጄ. ጂ. ዋይት የተባለውን የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ እንዲያነጋግሩ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ልከዋል። ብዙም ሳይቆይ ወሬው በኒው ዮርክ ጋዜጣ ወጣ፤ የሥራው ዋጋም 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተብሎ ተጻፈ። ለንደን ተንጫጫች።

መንጫጫቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በአባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገብተው ነበር። እንግሊዞች ይህን ቃል ጣናን እንደ መረከብ ቆጠሩት። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ከሙሶሊኒ መንግሥት ጋር ደብዳቤ ተለዋወጡ፦ ጣሊያን የጣናውን ግድብ ለእንግሊዝ ትደግፍላታለች፤ እንግሊዝም በፈንታዋ ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያገናኝ የጣሊያን የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ ትደግፋለች። የአገሩን ባለቤት ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ሁለቱን መንግሥታት በዓለም ፊት አሳፈሩ። ቀጥሎም ሦስተኛ ወገን ፍለጋ ሐኪሙን ውቅያኖስ አሻገሩ።

የሚያስገርመው የተላኩት ሰው ማንነት ነው። ሐኪም ወርቅነህ የእንግሊዝ መንግሥት ጡረተኛ ናቸው። የጉልምስና ዘመናቸውን በአብዛኛው በርማ ውስጥ፣ በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር፣ በሐኪምነት አሳልፈዋል። በእንግሊዝ መዝገብ ስማቸው ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ነው። የዕለት ማስታወሻቸውን እንኳ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነበር። ለንደን እንደ ራሷ ልጅ የምታያቸው ሰው፣ እሷ ሩብ ምዕተ ዓመት ስትመኘው የኖረችውን ሐይቅ ይዘው ወደ አሜሪካኖች ዘንድ ሄዱ። በዚያው ጉዞ ጥቁር አሜሪካውያንን አግኝተው፣ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም። ኩባንያው ጥናቱን አካሂዶ ነበር፤ በመካከሉ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ገባ፣ ከዚያም ጣሊያን መጣች። ከጣና መውጫ ላይ የጨራ ጨራ ግድብ እስኪቆም ድረስ ስልሳ ስምንት ዓመት ያህል ማለፍ ነበረበት።

የሐኪም ወርቅነህ ስም በተነሳ ቁጥር ግን ወሬው ወደ ጣና አይሄድም። ወደ መቅደላ ይሄዳል። የተማረከው ሕፃን፣ ባሕር ማዶ ያደገው ልጅ፣ አድጎ ሲመለስ በጠባሳው የተለየው ጎልማሳ፤ ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው። ታሪኩ አንጀት ይበላል። አንጀት ስለሚበላም አብዛኛው ተራኪ እዚያው ይቆማል፤ ሰውየውን ሕፃን እንደሆኑ ትቷቸው ይሄዳል። ዋናው ሥራቸው የተሠራው ከዚያ በኋላ ባሉት ሃምሳ ዓመታት ነው። በሐኪምነት የጀመሩ፣ ትምህርት ቤት የመሩ፣ በዳኝነት የተቀመጡ፣ አውራጃ የገዙ፣ በመጨረሻም አገራቸው ስትወረር በለንደን ለአገራቸው የቆሙ ሰው ናቸው።

ቢሆንም መቅደላን ዘሎ ማለፍ አይቻልም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር 13 ሺህ ያህል ወታደሮችና ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ጠረፍ ተነስቶ መቅደላ ደርሷል፤ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጥተዋል። ከአምባው የተዘረፈው መጽሐፍ፣ ታቦት፣ ዘውድና ጽዋ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደና ደላንታ ሜዳ ላይ ለወታደሩና ለመኮንኑ በጨረታ ተሸጠ። በዚያ ግርግር መካከል ከወላጆቹ የተለየ አንድ የጎንደር ልጅ ተገኘ፤ የነጋድራስ እሸቴ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ። ቻርልስ ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔል ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። ኮሎኔሉ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። የአንዱ የግል ስምና የሌላው የቤተሰብ ስም ተገጥሞ ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተባለ።

ከዚያው አምባ ሌላም ልጅ ተወስዷል። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እንግሊዝ ገባ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ አየችው፣ ፎቶግራፍ አነሱት፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው አዘዋወሩት። በ18 ዓመቱ፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም.፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞተና ዊንድዘር ተቀበረ። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን ላየ ሰው፣ ወርቅነህን ያዳነው ማንም ትልቅ ሰው ይሆናል ብሎ ያልጠበቀው መሆኑ ይመስላል። ልዑሉን የሚያሳድጉት የንጉሥ ልጅ አድርገው ነበር፤ የሚነግሥበት ዙፋን ግን አልነበረም። ወርቅነህን ያሳደጉት ሠርቶ እንዲበላ ነው። በአምሪትሳር የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያ ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። ዓለማየሁ ከሞተ ገና ሦስት ዓመት ማለፉ ነበር። ኋላም ስኮትላንድ ተሻግሮ ኤድንብራ ላይ ሙያውን አሻሻለ፤ እንግሊዞች አዲስ በያዟት በርማም የመንግሥት ሐኪም ሆነ።

በርማ ሳሉ የየካቲት 1888ቱ የዓድዋ ድል ወሬ ደረሳቸው። የተወለዱባትን አገር የሚያውቋት በስም ብቻ ነበር፤ አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቷል፣ እናት አባታቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቁም። ፈቃድ ወስደው በ1891 ዓ.ም. በዘይላና በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገቡ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማየት ጀመሩ። ከጎንደር ወገን የሆኑ አንዲት አሮጊት የጠፋው የልጄ ልጅ ነው ብለው ምኒልክ ፊት የቀረቡት በዚህ ጊዜ ነው። በአካላቸው ላይ ያሉትን ጠባሳዎች ሳያዩ በቃል ተናገሩ፤ ሲታይ ልክ ሆኖ ተገኘ። ወርቅነህ የሚለው ስም የተመለሰላቸው ከእኒህ አሮጊት አፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ዓመት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ በመመላለስ ያለቀ ዘመን ነውና። ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ፤ በ1900 ዓ.ም. ዳግመኛ መጡ፤ ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ልጆች ወለዱ፤ እንደገና በርማ ሄዱ፤ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጡረታቸውን አስከብረው ጓዛቸውን ጠቅልለው ገቡ። አንድ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሳይማሩት አልቀሩም፤ በቤተ መንግሥት ውስጥ ሐኪምነት ፖለቲካ መሆኑን። አፄ ምኒልክ ታመው በነበረበት ጊዜ የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ሁሉ ዓይን በአልጋቸው ዙሪያ ነበር። ማን መድኃኒት ሰጠ፣ ማን ገባ፣ ማን ተከለከለ የሚለው ጥያቄ ከማን ይወርሳል ጋር የተሳሰረ ነበር። ጀርመናዊው ዶክተር ስታይንኩህለር ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ እየተሰጣቸው ነው ብሎ ከተማውን እንዳመሰ በዘመኑ የነበሩ ጽፈውታል። መኳንንቱ የማያውቁትን ሐኪም ያውቃል፤ ስለዚህም ይፈራል፣ ይታማል፣ ይፈለጋል።

ራስ ተፈሪ የፈለጓቸው ለሌላ ነገር ነው። ወጣቱ አልጋ ወራሽ በዙሪያቸው የውጭ ትምህርት የቀመሱ ሰዎች ያሰባስቡ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሐሳብ አላቸው፣ የአስተዳደር ልምድ ግን የላቸውም። ሐኪም ወርቅነህ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው የመጡ፣ ሆስፒታል ያስተዳደሩ፣ ሒሳብ መያዝና ሪፖርት መጻፍ የለመዱ ሰው ናቸው። ደግሞም ከየትኛውም የመኳንንት ጎራ ጋር የቆየ ዝምድናም ቂምም የላቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ለተሐድሶ ፈላጊ ገዥ ዕንቁ ነው።

ሥራው በላይ በላይ ተጫነባቸው። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ለተማሪው የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ፤ ቋንቋውን በጎልማሳነቱ እንደ አዲስ የተማረ ሰው የዓለምን ካርታ በአማርኛ ለማስረዳት መነሳቱ ራሱ ድፍረት ነው። የፍልውሃውን መታጠቢያ በኃላፊነት ያዙ። ከውጭ ዜጎች ጋር የሚነሳውን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤትም በዳኝነት ተቀመጡ። ይህ ፍርድ ቤት ቀላል ቦታ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል መሠረት ፈረንጅ የተከሰሰበት ጉዳይ የሚታየው ቆንስሉ ባለበት ነው፤ ኢትዮጵያዊው ዳኛ የፈረንጁን ሕግና ቋንቋ ካላወቀ ተቀምጦ ከማዳመጥ በቀር የሚያደርገው የለም። ወርቅነህ መልስ መስጠት የሚችሉ ዳኛ ነበሩ። ከነጋዴውም ከቆንስሉም ወገን የወደዷቸው ብዙ እንዳልነበሩ መገመት አያዳግትም።

የባሪያ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የከነከናቸው ይመስላል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ተቃዋሚዎቿ አጥብቀው ያነሱት ባርነትን ነው፤ በዚያው ዓመትም ባርነትን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። አዋጅ ነፃ ያወጣል እንጂ እንጀራ አያበላም። ነፃ የወጣው ልጅ ወዴት ይሂድ? ወርቅነህ ከወዳጆቻቸው ጋር የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበርን አቋቁመው ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከቤተሰቡ ተነጥቆ በሰው አገር፣ በሰው ገንዘብ፣ በሰው ስም ያደገ ሰው እነዚህን ልጆች ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ማስታወሻውን ማገላበጥ አያስፈልግም።

ከዚያ ጨርጨር መጣ። የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ይኸው ነው፤ ለንደን አይደለም።

ጨርጨር በሐረርጌ ምዕራብ ያለ ደጋ ነው፤ ቡና አለው፣ የጅቡቲው ባቡር በግርጌው ያልፋል። ዋና ከተማው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ራስ ተፈሪ ይህን አውራጃ ናሙና እንዲሆን መረጡት፤ አዲሱ አስተዳደር በሌላው አገር ከመዘርጋቱ በፊት እዚህ እንዲሞከር። ሐሳቡን መጀመሪያ በሥራ ላይ ያዋሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው በዚያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥትም አርቅቀዋል። ሐኪም ወርቅነህ በ1922 ዓ.ም. ገደማ ጨርጨርን ሲረከቡ፣ አንድ ትንሽ አውራጃ በሩሲያ ካደገ ኢትዮጵያዊ ህንድ ላደገ ኢትዮጵያዊ ተላለፈች ማለት ነው።

ናሙናው ምን ነበር? በዘመኑ ሹም ማለት ከገባሩ የሚበላ ማለት ነው። ማር፣ እህል፣ በግ፣ እንጨት፣ የጉልበት ሥራ፤ ገባሩ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚወስነው ልማድና የሹሙ ሆድ ነበር። በጨርጨር የታሰበው ይህን ሁሉ አስቀርቶ ግብሩ በገንዘብ፣ ልኩ የታወቀ እንዲሆን ነው፤ ሹሙም ከገባሩ መብላቱን ትቶ ከመንግሥት ደመወዝ እንዲቀበል። መንገድ ይጠረግ፣ ሒሳብ ይያዝ፣ ትምህርት ቤት ይከፈት። ዛሬ ሲነበብ ተራ ነገር ነው። ያኔ ግን የአገሪቱን የሹመት ሥርዓት ከሥሩ የሚነቅል ሐሳብ ነበር፤ ሹመት የመብል ፈቃድ መሆኑን ሊያስቀር ነበርና። በርማ ውስጥ እንዲህ ያለ አስተዳደር ሲሠራ በዓይናቸው ያዩ ሰው ወርቅነህ ናቸው፤ ከበርማ ገዢዎች የወሰዱት አሠራራቸውን ነው፣ ባንዲራቸውን አይደለም። አዛዥ የተባለው ማዕረጋቸውም ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከሐኪምነታቸው ጋር ተጣምሮ ይጠራል።

እርግጥ ናሙናውን አብዝቶ ማሞገስ አይገባም። መሬቱ በነፍጠኛና በሹም እጅ እንደሆነ ቆይቷል፤ የጨርጨር ኦሮሞ ገበሬ ግብሩ ቢቀልለትም ርስቱ አልተመለሰለትም። ብር የሚከፍል ደግሞ መጀመሪያ ብር ማግኘት አለበት፤ ይህም ገበሬውን ለቡና ገበያው አሳልፎ ይሰጠዋል። ዘመናዊው አስተዳደር ከሁሉ በፊት የጠቀመው የማዕከሉን ግምጃ ቤት ነው። ያም ሆኖ ገባሩ ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቁ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ሙከራው አምስት ዓመት ብቻ ሆነ እንጂ ሃያ ዓመት ቢያገኝ ኖሮ አገሪቱ ሌላ መልክ በያዘች ነበር።

ሃያ ዓመት አላገኘም። በኅዳር 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ ወልወል ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ተኩስ ተከፈተ፤ ሙሶሊኒ ሰበብ አገኘ። በዚያው ዓመት ክረምት ሐኪም ወርቅነህ ጨርጨርን ትተው በለንደን የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆነው ሄዱ። ዕድሜያቸው ሰባ ሞልቷል። የእንግሊዞችን ልብ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ አመራረጡ ትክክል ነው። ችግሩ የእንግሊዝ መንግሥት ልብ ከመድረሳቸው በፊት መወሰኑ ነው። በሐምሌ ወር ለንደን ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ለሁለቱም መባሉ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ጣሊያን ግን መድፉንም አውሮፕላኑንም ራሷ ትሠራለች።

ሕዝቡ ሌላ ነበር። በዚያው ሰሞን በተደረገ የሰላም ድምፅ መስጫ ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን ተሳትፈው፣ አብዛኞቹ ወራሪ በማዕቀብ ይቀጣ ብለዋል። ወርቅነህ ፊታቸውን ወደዚህ ሕዝብ መለሱ። በጋዜጣ እርዳታ ጠየቁ፣ በየስብሰባው ተናገሩ። ፕሪንስስ ጌት ወዳለው ሌጋሲዮን በፈቃዳቸው ሊዘምቱ የሚሹ ይመጡ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ነው፤ ከጆሞ ኬንያታ፣ ከጆርጅ ፓድሞርና ከኤሚ አሽውድ ጋርቬይ ጋር ለኢትዮጵያ የቆመ የአፍሪካ ወዳጆች ማኅበር ይመራ ነበር። ጄምስ ኋላ እንደ ጻፈው፣ ሄጄ ልዋጋ ብሎ ሚኒስትሩን ሲያነጋግር፣ እዚሁ ሆነህ የምትሠራው ሥራ የበለጠ ይጠቅማል የሚል ምክር አገኘ። ምክሩ የጎልማሳ ምክር ነው። የጦሩ ጎዶሎ ሰው አልነበረም፤ ጠመንጃ፣ ጥይትና ከመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ተሻገረች። የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን ከማዕቀቡ አወጣ፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከብ ክፍት እንደሆነ ቀረ። በኅዳር መጨረሻ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ሆኖ ኢትዮጵያን የሚቆርስ ዕቅድ ሲያዘጋጅ ተገኘ፤ የሕዝቡ ቁጣ ሆርን ከሥልጣን አወረደው። ይህች ብቻ ናት የዚያ ዓመት የለንደን ድል። ድሉም ቢሆን ጦርነቱን አላቆመም። ተክለ ሐዋርያት ጄኔቫ ላይ፣ ወርቅነህ ለንደን ላይ፤ ሁለቱ የጨርጨር ገዥዎች በሁለት ከተማ አንድ በር ሲያንኳኩ ከረሙ።

ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ራስ ተፈሪ በስደት ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ሲደርሱ ሕዝብ ተሰብስቦ ተቀበላቸው። ከዚያ ወዲያ የሐኪም ወርቅነህ ሥራ እንግዳ መልክ ያዘ። አገሩ በጠላት እጅ ያለ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በአንድ ከተማ በስደት የሚኖር ሚኒስትር ሆኑ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የሆነችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጀምራ ነበርና ሌጋሲዮኑና ጋዜጣው ተደጋገፉ። እንግሊዝ የጣሊያንን ወረራ በሕግ እስክታውቅ፣ እስከ ኅዳር 1931 ዓ.ም. ድረስ፣ ኢትዮጵያ በለንደን በወረቀት ነበረች። ዕውቅናው ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው በፍርድ ቤት ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከተባለው ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚገባውን 10,613 ፓውንድ ጠይቀው ሲከራከሩ፣ ዕውቅናው ከተሰጠ ወዲህ ገንዘቡ የጣሊያን ንጉሥ ነው ተባለ።

በአባትነታቸው የከፈሉት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ጦርነቱ ሲነሳ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡም በኋላ አልወጡም፤ ነቀምቴ ላይ ከተመሠረተው የጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። ይህ ጦር የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ካዴቶች የተሰባሰቡበት ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ጦሩ ከራስ እምሩ ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ አካባቢ ተከብቦ እጁን ሰጠ። የካቲት 12 ቀን በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ጣሊያኖች የተማረ ኢትዮጵያዊ እየፈለጉ ገደሉ። የወርቅነህ ሁለት ልጆች ከተገደሉት መካከል ናቸው።

ሰባ ሁለት ዓመት የሆናቸው አባት በለንደን ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ሁሉ ሻከረ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት በስደቱ ዘመን ተበላሸ፤ የገንዘብ ጉዳይም ከመካከሉ አለበት። ስደተኛ ቤተ መንግሥት ጠባብ ነው፤ ሁሉም ከአንዲት የማትበቃ ካዝና ይጠብቃል፣ ሁሉም ሌላውን ይጠረጥራል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሐኪሙ ወዳደጉባት ህንድ ተመለሱ።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ ሐኪም በአሜሪካ ተመሳሳይ ሸክም ይዞ ነበር። መላኩ በያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ወደ አገሩ ገብቶ በጦርነቱ አገለገለ፤ ከወረራው በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ተልኮ በ1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። ገና በአርባ ዓመቱ፣ በሚያዝያ 1932 ዓ.ም. አረፈ፤ የኢትዮጵያን ነፃነት አላየም። አንዱ ወጣት፣ አንዱ አዛውንት፤ ሁለቱም ከሕክምና ይልቅ በልመናና በአቤቱታ የደከሙ ሐኪሞች።

ሐኪም ወርቅነህ ግን የአገራቸውን ነፃነት አይተዋል። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ መንግሥቱ ሰው አጥቶ ነበር፤ የተማረው ትውልድ በየካቲት 12 ማግስት አልቋል፣ መሥሪያ ቤቶች በእንግሊዝ አማካሪዎች ተሞልተዋል፣ ክፍለ ሀገሮቹን ደመወዝ በሚበሉ ገዥዎች የማስተዳደሩ ሐሳብ በመላው አገሪቱ እየተዘረጋ ነበር። ያን ሐሳብ በጨርጨር የሞከሩት ሰው በከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ሁነኛ ሥራ የሰጣቸው ግን አልነበረም። ዕድሜ ነው ሊባል ይችላል፤ ሰባ ሰባት ዓመት ቀላል አይደለም። ግን ተክለ ሐዋርያትም ከእሳቸው ሃያ ዓመት ያህል እያነሱ በስደት ማዳጋስካር ነበሩ። ሁለቱም ጨርጨርን የገዙ ናቸው፤ ሁለቱም በወረራው ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ተቃቅረዋል። ቅያሜው የማንም ይሁን፣ ኪሳራው የአገሪቱ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በመስከረም 1945 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በ88 ዓመታቸው ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ አረፉ።